ማስተካከያ፦ ስለ ቪአሩ የካንሰር እጢ

ትናንት የካምብሪጅ ሳይንቲስቶች በቪአር መነጽር (ኮምፒውተር የሰራው ምስል ውስጥ የገባን የሚያስመስል መነጽር) የታማሚዋ ሰውነት ውስጥ ገብተው የጡት ካንሰሩን ላይቭ ያዩታል ብዬ ፖስት አድርጌ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። የካምብሪጁ ሳይንቲስት የግሬግ ሃነን ቡድን የሚያየው ከታካሚ የተወሰደ ናሙና ነው፣ በፈረንጆቹ 2018 ያሳዩት 1 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ነበር፣ የጤፍ ፍሬ በሏት፣ ግን ወደ 100,000 ሴል ይዛለች (እኔም ደንግጫለሁ)። መጀመሪያ በስሱ ይቆራርጧታል፣ ቁራጮቹ ቀለም ተቀብተው ስካን ይደረጋሉ፣ ከዛ ኮምፒውተር መልሶ ይደራርባቸውና መነጽር ያደረገው ሰው በሴሎቹ መሃል እየዞረ የቱ ከየቱ ጋር እንደተጠጋ ያያል። "ባዮፕሲ (ለምርመራ ከሰውነት ናሙና መውሰድ) ቀረ" ያልኩትንም ሰርዙልኝ፣ ናሙና ካልተወሰደ ምኑን ሊያዩ ነው።