ለሕፃኑ የነፈግነው ቅባት

የወሎ ወገኖቼ ሆይ፣ ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ከባቲ እስከ ወገልጤና በየማዕዳችሁ ዙሪያ የምትሰበሰቡ ሁሉ፣ ዛሬ የምገሥጻችሁ ስለ ቅባት ነው፤ የምገሥጸውም ስለምሳሳላችሁ ነው። በየቤታችን ቅባት የሚያስፈልገው ሌላ፣ የሚበላው ሌላ ሆኗል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ውኃ የበዛበት አጥሚት ተግቶ ይተኛል፤ የደም ግፊት ያለበት አባወራ ግን ቅቤ የተንሳፈፈበት ወጥ ይቀርብለታል። ለዚህ ድህነትን ብቻ ማመካኘት አንችልም፤ ላም በሚታለብበት፣ ቅቤ በሚናጥበት ቤትም ያው ነውና።

የእናት ጡት ወተት ከሚሰጠው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከቅባት ነው። ፈጣሪ ለጨቅላ ያዘጋጀው ምግብ ይህን ያህል ቅባት ካለው፣ ስድስት ወር ሲሞላው ተጨማሪ ምግብ የምናስጀምረውን ልጅ ከቅባት የምናራቅቀው በምን ምክንያት ነው? የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ ገንፎው ቢቀጥን ሆዱ ይሞላል እንጂ አይጠግብም። ጉልበት በሚለካበት በኪሎ ካሎሪ ብንቆጥረው፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ፣ የእህሉ ስታርችም ሆነ የጥራጥሬው ፕሮቲን በየግራሙ 4 ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ በወፈረ ገንፎ ላይ የምትጨመር አንዲት የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ 40 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ታክላለች። አንጎሉ በፍጥነት የሚያድገው በእነዚህ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ነው፤ አንጎል ደግሞ አብዛኛው ደረቅ ክፍሉ ቅባት ነው። እናቶቼ፣ «ቅባት ልጅ ሆድ ያበላሻል» የምትሉትን ተዉት፤ ሆዱን የሚያበላሸው ያልታጠበ እጅና ያልፈላ ውኃ ነው።

ጎመኑንም አስቡት። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ ነገር ግን ያለ ቅባት ሲበላ አብዛኛው ከአንጀት ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል። ቫይታሚን ዲ፣ ኢ እና ኬም እንዲሁ ቅባት ይፈልጋሉ። ሲመሽ መንገዱ የሚጠፋበትን፣ ዳፍንት የያዘውን ልጅ ያየ ሰው፣ በተቀቀለ ጎመን ላይ ጠብ የምትል ዘይት ምን ማለት እንደሆነች ይገባዋል።

አሁን ወደ አዋቂው ልለፍ። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው፣ አዋቂ ሰው በቀን ከሚያገኘው ጉልበት ከቅባት የሚመጣው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ በብርድ የሚረጋው፣ ባለሙያዎች ሳቹሬትድ የሚሉት ቅባት ከጠቅላላው ጉልበት 10 በመቶ እንዳያልፍ ነው። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 10 በመቶ 22 ግራም ሳቹሬትድ ቅባት ያህል ነው፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ይደርስበታል። ታዲያ በሠርግና በዓውደ ዓመት ሐኪም ቅቤ ቀንስ ያለውን ወንድማችንን «አፈር ስሆን ብላልኝ» እያልን በእጃችን የምናጎርሰው ምን ዓይነት ፍቅር ነው? የወሎ ደግነት የታወቀ ነው፤ እንግዳ የበቃኝ ሲል መስማትም ከደግነቱ ይቆጠር።

በቢጫ ጀሪካን ስለሚመጣው የሚረጋ ዘይት ደግሞ ብዙዎች ይታለላሉ። ይህ የፓልም ዘይት ነው፤ ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። በደሴ ብርድ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሞራ ረግቶ ስለሚታይ ሰው ያውቀዋል፤ ያው ዘይት ወደ ባቲ ቆላ ሲወርድ ግን በሙቀቱ ቀልጦ ጥሩ ፈሳሽ ዘይት ይመስላል፤ የቆላ ሰውም አልረጋም ብሎ ተማምኖ ይገዛዋል። ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነጻ» (በደም ውስጥ ሲበዛ ከሚጎዳው ሰም መሰል ነገር ነጻ) የሚል ጽሑፍ ቢኖር አያጽናናችሁ፤ ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው በዋናነት የምንበላው ሳቹሬትድ ቅባት ነው። የፓልም ዘይት መርዝ ነው አላልኩም፤ ኑሮ ለከበደበት ሰውም አልፈርድበትም። አቅም ያለው ግን የሚፈስሰውን ዘይት ይምረጥ፣ አቅም የሌለውም መጠኑን ይቀንስ።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ተመላልሶ የሚጠበስበት ዘይት ነው። በረመዳን ከመግሪብ በፊት፣ በሌላው ጊዜም ተማሪ ሲለቀቅ፣ በየመንገዱ ዳር ያለውን የሳምቡሳና የቦምቦሊኖ መጥበሻ ቀርባችሁ እዩት። ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል፣ ወፍሯል፣ ሊጡ ሲገባበት አረፋው ቶሎ አይከስምም፣ ጭሱም ዓይን ይቆጠቁጣል። ይህ የዘይቱ መበላሸት ምልክት ነው። በተደጋጋሚ የጋለ ዘይት ከአየርና ከምግቡ እርጥበት ጋር እየተዋሐደ ይፈራርሳል፣ ጎጂ ውህዶችም ይፈጠሩበታል፤ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ምግቡ ይበልጥ ዘይት ይመጥጣል። ሆቴል ቤት የምታስተዳድሩ ወገኖች፣ የጠቆረውን ዘይት አጣርታችሁ በርካሽ ለጉልት ጠባሿ የምትሸጡ ካላችሁ፣ ያ ዘይት የሚገባው የራሳችሁ ሰፈር ልጅ ሆድ ውስጥ ነው። ለሳሙና ሠሪ ስጡት። አንቺም እህቴ፣ ገቢሽ ስስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጥቂት ዘይት በትንሽ መጥበሻ ብታደርጊ፣ ፍርፋሪውን በየጊዜው ብታወጪ፣ ጭስ ሳይጀምር እሳቱን ብትቀንሺ ዘይቱ ይቆይልሻል፤ ሲጠቁር ግን አዲስ አትደባልቂበት፣ ድፊው።

የራሳችንን ኑግና ተልባ ገበያ አውጥተን፣ በብሩ የሚረጋ ዘይት ገዝተን መመለሳችንም ያሳዝነኛል። የኑግ ዘይት ከግማሽ በላይ፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል ሊኖሌይክ የተባለ ቅባት ነው፤ የተልባ ዘይት ደግሞ ከግማሽ በላይ ኦሜጋ 3 የተባለ፣ እንዲሁ ሰውነት ራሱ የማይሠራው ቅባት ነው። ተልባ ሳይወቀጥ ቢዋጥ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ ተወቅጦም ብዙ ከቆየ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ውቀጡ። የኑግ ዘይትም ብርሃንና አየር ስለሚጎዳው በደንብ የሚከደን ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ ለወጥና ለጎመን ይሁን እንጂ ለተመላላሽ ጥብስ አይሆንም። ፋጉሎው ለላሟ ከተረፈ፣ ዘይቱ ለልጁ መትረፍ አለበት።

ሼሆቻችንና ቄሶቻችን፣ ሕዝቡ ከጤና ባለሙያው ይልቅ እናንተን ይሰማል። ከጁምዓ ሰላት በኋላም ሆነ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ሕፃናት ገንፎና ስለ ጠቆረው ዘይት ጥቂት ደቂቃ ተናገሩ፤ እናቶች በተሰበሰቡበት ማኅበርና የዱዓ ቦታም ይነገር።