ጂአርኢ ማትሪክ አይደለም

«ጋሼ፣ ድጋሚ ልፈተን ወይስ ይብቃኝ?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው በክልል ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ወጣት መምህራን ወይም ከተመረቁ ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ አሜሪካ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ለማመልከት ጂአርኢ የተባለውን የመግቢያ ፈተና ወስደው ውጤታቸውን በስልካቸው ይዘው ይመጣሉ። ቁጥሩን ካሳዩኝ በኋላ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ያሳልፋል?» ይሉኛል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህች ቃል ይመስለኛል። ከሚኒስትሪ እስከ ማትሪክ ያሳለፍናቸው ፈተናዎች ሁሉ ያስተማሩን አላፊና ወዳቂ መኖሩን ነው። በአገር ውስጥ ለድኅረ ምረቃ የሚሰጠው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተናም የማለፊያ ነጥብ ስላለው፣ ነጥቡን ያላገኘ ሰው ድጋሚ ልቀመጥ ወይ ብሎ ብዙ መጨነቅ አያስፈልገውም፤ መማር ከፈለገ ይቀመጣል፣ ካለፈ ደግሞ ጉዳዩ ተዘጋ። ጂአርኢ ግን ማለፊያ የለውም። በቋንቋውም በሒሳቡም ክፍል ከ130 እስከ 170፣ በጽሑፉ ደግሞ ከ0 እስከ 6 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በቂ ነው ወይ የሚለውን የሚወስነው የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲያውም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የትምህርት ክፍል ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ራሱ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ነጥብ ብቻ መቁረጫ አድርገው እንዳይጠቀሙበት ይመክራል።

ቁጥሩ ብቻውን የማይናገር መሆኑን ለማየት 160ን እንውሰድ። በቋንቋው ክፍል 160 ያገኘ ሰው ከአሥር ተፈታኞች ስምንቱን ያህል ይበልጣል። ያው 160 በሒሳቡ ክፍል ሲሆን ግን ሰውየውን የሚያስቀምጠው ከተፈታኙ መካከል ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከመላው ዓለም ለምሕንድስናና ለኮምፒውተር ሳይንስ የሚያመለክተው ብዙ ሕዝብ በሒሳቡ የበረታ ነው። ስለዚህ ለታሪክ ወይም ለአንትሮፖሎጂ የሚያመለክት ሰው በሒሳብ 155 ስላገኘ እንቅልፍ ማጣት የለበትም፣ ለኢኮኖሚክስ ዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ደግሞ በዚሁ ቁጥር ተረጋግቶ መቀመጥ የለበትም።

ሌላው ሰዎች ሲነገራቸው የማይወዱት ነገር፣ ፈተናው እንደ ማንኛውም መለኪያ የራሱ ስሕተት ያለው መሆኑ ነው። አንድ ሰው ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ በሁለት የተለያዩ ቀናት ቢፈተን ውጤቱ ሁለት ነጥብ ያህል ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል፤ ኢቲኤስም ይህንኑ አይሸሽግም። 158ን 160 ለማድረግ ብሎ ድጋሚ የሚቀመጥ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዕጣ ገንዘብ እየከፈለ ነው።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። የጂአርኢ ክፍያ በአብዛኛው ዓለም፣ በእኛም አገር ጭምር፣ 220 ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ 12,500 ብር አካባቢ ነበር፤ ዶላሩ መቶ ብር ሲያልፍ ያው ክፍያ ከ22,000 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ አልቀነሰም። ያም ሆኖ ብዙዎቹ በብር አይከፍሉም፤ አሜሪካ ያለ የአክስት ልጅ ወይም የቀድሞ የክፍል ጓደኛ በካርዱ ይከፍልላቸዋል። አንድ ጊዜ የለመኑትን ዘመድ ለሁለተኛ ጊዜ መለመን ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማመልከቻ ክፍያ እንደየዩኒቨርሲቲው ከ50 እስከ 100 ዶላርና ከዚያም በላይ በመሆኑ፣ በ220 ዶላር ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስትና አራት ተጨማሪ በሮችን ማንኳኳት ይቻላል።

እንግዲህ መቼ ነው ድጋሚ መፈተን የሚገባው? ባለፈው ጥቅምት በአንድ ሳምንት ውስጥ ያነጋገርኳቸው ሁለት ወጣቶች ልዩነቱን በደንብ ያሳያሉ። የመጀመሪያዋ ስታቲስቲክስ የምታስተምር ልጅ ናት። በሒሳቡ 161፣ በቋንቋው 149 አግኝታለች። ኢቲኤስ በነፃ የሚሰጣቸውን ሁለት የመለማመጃ ፈተናዎች ሰዓት ይዛ ስትሠራ በሒሳቡ ምን ታገኝ እንደነበር ጠየቅኋት፤ 166 እና 167 አለችኝ። በፈተናው ዕለት ምን እንደገጠማት ስትነግረኝ ነገሩ ተገለጠልኝ። የተፈተነችው ከቤቷ ነበር፤ ከቤት ለሚፈተን ሰው ማስታወሻ መያዝ የሚፈቀደው በሚጠፋ ነጭ ሰሌዳ ወይም በላስቲክ ሽፋን በተሸፈነ ወረቀት ላይ ብቻ መሆኑን የሰማችው ግን በዋዜማው ነው። በተዋሰችው ማርከር ላይ ቀለሙ እየደረቀ፣ በየጥያቄው መካከል በእጇ እየጠረገች፣ የመጀመሪያውን የሒሳብ ክፍል 12 ጥያቄዎች በ21 ደቂቃ መጨረስ አቃታት። ፈተናው ደግሞ የሁለተኛውን ክፍል ክብደት የሚወስነው በመጀመሪያው ላይ በተሠራው ልክ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ላይ የተሰናከለ ሰው በኋላ ምንም ቢሮጥ ጣሪያው ዝቅ ይልበታል። እሷን «ተፈተኚ» አልኳት፤ ምክንያቱም 166ቱ ቀድሞውንም በእጇ ነበር፣ ፈተናው ላይ ብቻ አልታየም።

ሁለተኛው የውኃ ምሕንድስና ምሩቅ ነው። በመለማመጃው በሒሳቡ 155 እና 156 አግኝቶ በዋናው ፈተና 156 አመጣ፤ ድጋሚ ተፈትኖ 157 ሆነለት፤ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ሊመዘገብ ነው። ሕጉ አይከለክለውም፤ በሁለት ፈተናዎች መካከል 21 ቀን እስካለፈ ድረስ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ መቀመጥ ይቻላል። «በመካከሉ ምን አጠናህ?» ስለው ዝም አለ፤ መምህር ስለሆነ ጊዜ አልነበረውም። አራቱም ቁጥሮች አንድ ነገር ነው የሚመሰክሩት፤ በአሁኑ ዝግጅቱ ልኩ ይኸው ነው። ለሦስት ወር ቁጭ ብሎ የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ሒሳቡን ከሥር እስካልከለሰ ድረስ (ፈተናው ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ የሚከብደው አጠያየቁ ነው) ሦስተኛው ፈተና አዲስ ዜና አያመጣም። ምን ለማጥናትና ለምን እንደሚያመለክት ለዩኒቨርሲቲው የሚጽፈውን የዓላማ መግለጫ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ግን ገና አልጀመረውም ነበር። ለማመልከት ካሰባቸው አምስት ፕሮግራሞች ሁለቱ ጂአርኢን ጨርሶ እንደማይጠይቁ፣ አንዱ ደግሞ ለአመልካቹ ፈቃድ እንደተወው ያየነው አብረን ገጻቸውን ስንከፍት ነው።

ይህ የመጨረሻው ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተለይ በሥነ ሕይወት ዘርፍ ያሉ የአሜሪካ የዶክትሬት ፕሮግራሞች ጂአርኢን መጠየቅ እየተዉ መጥተዋል፤ በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ሌሎች ብዙዎች ተከተሏቸው፤ ከፊሎቹም መልሰውታል። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በፊት አሜሪካ የገባ ወንድም የሚሰጠው ምክር ዛሬ አይሠራ ይሆናል፤ የየፕሮግራሙን ገጽ በየዓመቱ ከፍቶ ማንበብ ግዴታ ነው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች የሚያነሡት ጠንካራ ነጥብ አለ፤ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ከክልል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ውጤቱ 3.8 ቢሆን እንኳ ትምህርት ቤቱን የማያውቅ የአሜሪካ ኮሚቴ 3.8ቱን በምን ይመዝነዋል? የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉለት መምህራንም እዚያ አይታወቁም። እንዲህ ላለ አመልካች በሒሳብ 167 ማለት ከቤጂንግም ከዴሊም ከመጣው ጋር በአንድ ሚዛን ላይ የቆመበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። እውነት ነው፤ ፈተናው በፈቃደኝነት በሆነበት ቦታ እንኳ ጥሩ ነጥብ ያለው የእኛ አገር ልጅ ቢልከው ይጠቀማል እላለሁ። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚደግፈው ከፍ ወዳለ ነጥብ የሚያደርስ መንገድ ያለውን ሰው ነው። ከ156 ወደ 158 የሄደ ሰው በማያውቀው ኮሚቴ ፊት ማንነቱ አይለወጥም፤ እንዲያው እልህ ነው፣ እልሁም የማትሪክ ዘመን ቅሪት ነው።

ቀኑን በተመለከተ ሒሳቡ አጭር ነው። የብዙ ዶክትሬት ፕሮግራሞች ማብቂያ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 (በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 1 እስከ 15) ይውላል። በጥቅምት 15 የተፈተነ ሰው ከኅዳር 6 ጀምሮ ሊደግም ይችላል፤ ውጤቱ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ስለሚወስድ ይደርስለታል። በጥቅምት 30 የተፈተነ ግን የሚደግመው በኅዳር 21 ስለሚሆን ማብቂያቸው ቀደም ካለው ፕሮግራሞች ጋር ይተላለፋል። ሁለተኛው ውጤት ዝቅ ቢል የሚል ስጋት ያለበት ሰው ደግሞ፣ የትኛውን ቀን ውጤት እንደሚልክ የሚመርጠው ራሱ መሆኑን ይወቅ፤ የአንዱን ቀን ሒሳብ ከሌላው ቀን ቋንቋ ጋር አጣምሮ መላክ ግን አይቻልም።

ስታቲስቲክስ አስተማሪዋ በኅዳር መጀመሪያ ከአንድ ጓደኛዋ ነጭ ሰሌዳና ሁለት አዲስ ማርከር ተውሳ ደገመች፤ ሒሳቡ 166 ሆነ፣ ቋንቋው ከ149 ወደ 148 ወረደ፣ እሷም እንደዚያው ላከችው። የውኃ ምሕንድስናው ልጅ ለጊዜው ምዝገባውን አቆይቶ የዓላማ መግለጫውን ረቂቅ ላከልኝ፤ የመጀመሪያው ገጽ ስለ ጂአርኢ ውጤቱ ማብራሪያ ስለነበር አስወጣሁት።