ለጮሌ አታጨብጭቡ

የአራት ኪሎ ሰዎች፣ ፒያሳም ካዛንቺስም ያላችሁ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የውጭ ፓርላማ ወሬ ሲነሳ እንደ ኳስ ጨዋታ ነው የምታዩት። አብላጫ ወንበር የሌለው ጠቅላይ ሚኒስትር ተቃዋሚዎቹን ሸውዶ ሥልጣኑ ላይ ከሰነበተ «አቤት አራዳ!» ትላላችሁ። ምኑ ነው የሚደነቀው?

የካናዳውን ስቲቨን ሃርፐርን እዩ። በእነሱ አቆጣጠር በ2008 ከ308 ወንበር 143 ብቻ ይዞ መንግሥት መሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ተቃዋሚዎቹ ተስማምተው በመተማመኛ ድምፅ (መንግሥቱን እንመነው ወይስ ይውረድ ተብሎ በሚሰጠው) ሊጥሉት ሆነ። ሰውየው ምን አደረገ? መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን በሳምንት ገፋው፤ እሱም አልበቃው ሲል ዲሴምበር 4 ጠዋት የንግሥቲቱ ወኪል ጠቅላይ አገረ ገዢዋ ዘንድ ሄደና ፓርላማውን እስከ ጃንዋሪ 26 አዘጋው። ሊጥሉት የተዘጋጁት እንደራሴዎች በሩ ተዘግቶባቸው ወደየቤታቸው ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ተቀይሯል፣ ጥምረቱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ሕግ አልጣሰም፣ እሱን አልክድም። ግን ድምፅ ሸሽቶ ነው የተረፈው።

የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ደግሞ በ2017 አብላጫዋን ስታጣ ከአንዲት የሰሜን አየርላንድ ፓርቲ 10 ድምፅ አገኘች፤ ለሰሜን አየርላንድም 1 ቢሊዮን ፓውንድ ተጨማሪ በጀት ተፈቀደ። (እሷስ ቢያንስ ውሉን በአደባባይ ነው የፈረመችው።)

ማድነቅ ካማራችሁ ሌላው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን አለላችሁ። ማርች 28 ቀን 1979 ማታ በመተማመኛ ድምፅ 311 ለ310 ወደቀ። በአንድ ድምፅ! ከራሱ ፓርቲ አንድ እንደራሴ በጠና ታመው ተኝተው ነበር። በአምቡላንስ ይምጡ ቢባል ካላሃን እንቢ አለ። ታማሚው በቀናት ውስጥ አረፉ። የካላሃንን ስም ግን ማን ያነሳዋል?

«ይሄ እኛን አይመለከትም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱንም ወንበር የያኔው ገዢ ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ጠቅልለው ወስደዋል፤ አብላጫ ያጣ መንግሥት የት አይተን። ሕገ መንግሥቱ ግን አስቦበታል። አንቀጽ 60 ላይ፣ ጣምራ መንግሥት ፈርሶ አብላጫውን ካጣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎቹን ጠርቶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ እንዲመሠርቱ ይጋብዛል፤ ካልሆነላቸው ምክር ቤቱ ተበትኖ ምርጫ ይደረጋል ይላል። አንድ ሳምንት፣ አስቡት! በዚያ ሳምንት ስንት ስልክ ይደወላል፣ ስንት ሹመት ቃል ይገባል፣ ስንቱ በአንድ ሌሊት አቋሙን ይለውጣል። ያኔም ቁጭ ብላችሁ «አራዳ ነው» ልትሉ ነው?

ይልቅ ተወካያችሁን ከአሁኑ ያዙት። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ድምፅህን ለማን ትሰጣለህ፣ በምንስ ትለውጠዋለህ በሉት። ስሙን የምታውቁት ከሆነ ማለቴ ነው።