ለክቡር የመጽሐፍ ክበብ እትም፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ «የመጀመሪያ እትም ነኝ» ማለትዎን እንዲያቆሙ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን የምናፍቅበትን ፋታ መቼ ሰጡኝና! የቆየ የሳይንስ ልብ ወለድ ወይም የፋንታሲ መጽሐፍ ባሰስኩበት ሁሉ ቀድመውኝ ተሰይመዋል። የልባሱ (ጠንካራውን ሽፋን የሚጠቀልለው ወረቀት) ሥዕል ያው፣ የደራሲው ስም ያው፣ የአሳታሚው አርማ እንኳ ያው። ሻጩ «ብርቅዬ! የመጀመሪያ እትም!» እያለ ዋጋውን ይቆልላል፤ እርስዎም ትንፍሽ ሳይሉ ሙገሳውን ይቀበላሉ። ልታይ ልታይ ማለትን ከዝምታ ጋር እንዲህ አስማምቶ የያዘ ሌላ ፍጡር አላውቅም።

የዘር ሐረግዎን ላንቋሽሽ አይደለም። ደብልዴይ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በ1953 የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሐፍ ክበብን ሲያቋቁም ሐሳቡ ቀና ነበር፤ አባላት ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በፖስታ፣ በርካሽ እንዲደርሳቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር አንክፈት።) ችግሩ፣ ደብልዴይ ራሱ የብዙ ዋና እትሞችም (ለመጽሐፍ መደብር የሚታተሙት፣ የክበቡ ቅጂ የሚመስላቸው) አሳታሚ መሆኑ ነው። ልጁና የእንጀራ ልጁ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ከአንድ ቤት ወጡ፤ ጎረቤት ማንን ማን ብሎ ይጥራ?

ደብልዴይስ ደግ ነበር። በመብት ገጹ ላይ «የመጀመሪያ እትም» የምትለዋን መስመር ለዋናው ሰጥቶ ለእርስዎ ነፈገዎት። የሌላ አሳታሚ መጽሐፍ ለክበብ ሲታተም ግን የመብት ገጹ እንዳለ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ፤ መስመሯም ሳትጠራ አብራ ትመጣለች። አልሰረቋትም፣ ይህን እመሰክራለሁ። ተገኘችልዎት፤ እርስዎም አልመለሷትም።

ስለዚህ ምስክር ፍለጋ ወደ ገላዎ እንዞራለን። ነውር ነው፣ ይቅርታ፤ ግን እስቲ ሚዛን ላይ ይውጡ። ከዋናው ይልቅ ቀለል፣ ብዙ ጊዜም አጠር ይላሉ፤ ወረቀትዎም ቶሎ ይወይባል። አሁን ጀርባዎን ያዙሩልኝ። ከኋለኛው ሽፋን ግርጌ፣ ወደ አከርካሪው ጠጋ ብላ፣ ቀለም የሌላት ትንሽ ስርጉድ ትኖራለች፤ ዓይን ያልፋታል፣ ጣት ግን ያገኛታል። አንዳንድ ዘመዶችዎ የላቸውም። የተገኘችበት ግን ባያስተባብል ይሻለዋል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የጉሮሮዎን ምስጢር ነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ፣ ወረቀቱ ከስፌቱ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ውስጥ፣ ደብልዴይ ለራሱ ሥራ ያስቀመጣት ኮድ አለች፤ አንድ ፊደልና ከጎኗ ቁጥር። ፊደሏ ዓመቱን ትናገራለች፣ ቁጥሯ ሳምንቱን። ይቺ ኮድ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠች አይደለችም፤ በዋናውም ላይ አለች። ስለዚህ ብቻዋን አታስፈርድም፤ ቀኑን ግን አትደብቅም። ለምሳሌ በ1974 የወጣውን የስቲቨን ኪንግን «ካሪ» እንውሰድ (አስፈሪ ልብ ወለድ ነው ይሉኝ ይሆናል፤ ሰብሳቢዎቹ እነዚያው ናቸው)። የመጀመሪያው ኅትመት ገጽ 199 እጥፋት ውስጥ «ፒ6» ይላል፤ ፒ 1974 ነው፣ 6 ደግሞ ስድስተኛው ሳምንት። ክቡርነትዎ በዚያው ልባስ ብቅ ብለው ጉሮሮዎ ሲፈተሽ የቀጣዩ ዓመት ፊደል ከተገኘ፣ «ያኔ ነው የተወለድኩት» ማለትዎ ከራስዎ የልደት ካርድ ጋር መጣላት ነው። ደግሞ ይህን ለማየት መጽሐፉን በሰፊው መበርገድ ያስፈልጋል፤ ሻጩ «ቀስ! ስፌቱ ይላላል!» የሚለው ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ አይገባኝም። አንዳንዴ ግን ይገባኛል።

ወደ መቀሱ ልምጣ። በልባሱ የፊት ክንፍ (ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ጫፍ) ጥግ ላይ ዋናው እትም ዋጋ ይዟል፤ እርስዎ ዋጋ የለዎትም፤ ይልቁንም ከክንፉ ግርጌ «የመጽሐፍ ክበብ እትም» የሚል ቅን ኑዛዜ ተጽፎብዎታል። ከዚያ አንድ ሰው ይመጣና ሁለቱንም ጥግ ቁርጥ! «ዋጋው የተቆረጠ የመጀመሪያ እትም» ተብለው ይሸጣሉ። ለስጦታ ሲባል ዋጋን መቁረጥ የቆየ ልማድ ነውና ማንም አይጠረጥርም። ግን የላይኛው ጥግ ለስጦታ ተቆረጠ እንበል፤ የታችኛው ለማን ክብር ተቆረጠ? የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» በ1965 በቺልተን ሲታተም፣ ያ ቤት በመኪና ጥገና መመሪያ የሚታወቅ አሳታሚ ነበር፤ የዋናው ልባስ 5.95 ዶላር ይላል። ክንፉ ላይ ዋጋ የሌለው፣ ጥጎቹም ያልተነኩ «ዱን» ካየሁ፣ እርስዎ ነዎት፤ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ከመቀሱ የባሰ ጋብቻም አለ። የአንድ የመጀመሪያ እትም ዋጋ አብዛኛው ያለው ልባሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ የእውነተኛው ልባስ ከሌላ ቦታ ተገኝቶ ለእርስዎ ይለበስልዎታል። ቁመቱ ከእርስዎ ስለሚበልጥ ጫፉ ከሽፋኑ ወጣ ብሎ ይቀራል። አዲስ የታተመ ቅጂ ልባስ የሚለብሱም አሉ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ቅጂ መሆኑ ተጽፎ እስከተሸጠ ድረስ።

እርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። አሳታሚዎች ሲቆጥሩ ያየ ሰው ለእርስዎ ያዝናል። በመብት ገጹ ላይ የቁጥሮች ሰልፍ ይቀመጣል፤ ትንሹ ቁጥር የስንተኛ ኅትመት መሆኑን ይነግራል፤ 1 ካለ የመጀመሪያው ነው። ይህ እንዳይመቸን ራንደም ሃውስ ለብዙ ዓመታት ከ2 ቆጠረ፤ «የመጀመሪያ እትም» የሚል ጽሑፍና 2 አንድ ላይ ካሉ የመጀመሪያ ኅትመት ነው፣ ጽሑፉ ወልቆ 2 ብቻ ከቀረ ሁለተኛ። ስክሪብነርስ ደግሞ ከ1930 ጀምሮ ለመጀመሪያው ኅትመት አንዲት «ኤ» ፊደል አስቀምጦ ዝም አለ።

ለእርስዎ የሚያሳፍረው ግን እውነተኞቹ እንዲህ አለመኮፈሳቸው ነው። የዊልያም ጊብሰን «ኒውሮማንሰር» በ1984፣ የኡርሱላ ለጉዊን «ዘ ለፍት ሃንድ ኦፍ ዳርክነስ» በ1969 መጀመሪያ የወጡት ኤስ ቡክስ በተባለ አሳታሚ፣ በኪስ በሚገባ ለስላሳ ሽፋን ነው። ጠንካራ ሽፋን ብቻ የሚያሳድድ ሰው የመጀመሪያውን ረግጦት ያልፋል። ሌሎቹ ደግሞ ስህተታቸውን እንደ መታወቂያ ይዘው ይኖራሉ። በ1937 በ1,500 ቅጂ የታተመው የቶልኪን «ዘ ሆቢት» በልባሱ የኋላ ክንፍ ላይ የ«አሊስ» ደራሲ የሉዊስ ካሮልን እውነተኛ ስም፣ ዶጅሰንን፣ በአንዲት ትርፍ ፊደል አበላሽቶ ጻፈ፤ ያቺ ፊደል በእጅ፣ በቀለም ተሰረዘች። ስህተትና ስርዝ ያለው ነው ውድ የሆነው። እርስዎ ግን ተስተካክለው፣ ጸድተው፣ ኋላ ይመጡና ፊት ይቆማሉ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ያሉት እርስዎን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። ለንባብ ከሆነ ይምጡ፤ ታሪኩ እርስዎም ዘንድ ያው ነው፣ ዋጋዎም ለኪስ ይራራል፤ እኔ ራሴ በደስታ እገዛዎታለሁ። እንደ ቅርስ ሊሸጡ ሲመጡ ግን ክንፍዎን ዘርግተው፣ ጉሮሮዎን ከፍተው፣ ጀርባዎን አዙረው ይቅረቡ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመቀሱ፤
ከ2 መቁጠር ለጀመሩት፤
«ምንም አላውቅም፣ ከአያቴ የወረስኩት ነው» ለሚሉ፣ ዋጋውን ግን አሳምረው ለሚያውቁ ሻጮች።