እርማት፦ ጣውላ በጉልበት አይቃናም

«ረጅም ጣውላ ጠርዙ ቀጥ እንዲል መላጊያ ማሽኑ ላይ ጠንከር አድርጎ መጫን ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ልክ አይደለም። እኔም ስጀምር እንደዛ ነበር የምሠራው። ስትጫነው ለጊዜው ይቃናል፣ ቢላው ያልፍበታል። እጅህን ስታነሳ ግን ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። ድካም ብቻ!

መሃሉ ገባ ያለውን ጠርዝ ወደ ታች አድርገው። ሁለቱ ጫፎች የማሽኑን ጠረጴዛ ስለሚነኩ አይወዛወዝም። መጀመሪያ ጫፎቹን ብቻ በስሱ ላጋቸው፤ ከዚያ ሙሉውን አሳልፍ። ቢላውን ካለፈ በኋላ በመውጫው ጠረጴዛ (ከቢላው ወዲያ ባለው) በኩል ቀለል አድርገህ ያዘው። መጨረሻው ጫፍ ላይ ጎድጎድ ካለ የመውጫው ጠረጴዛ ከቢላው ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

የጠረጴዛው ርዝመትም ለውጥ ያመጣል። ጠረጴዛው 1 ሜትር ተኩል በሆነ ማሽን እስከ 3 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጣውላ ይሞከራል። ከዚያ በላይ ከሆነ ከፊትና ከኋላ ድጋፍ አቁምለት።