ስለ ዱባው ሾርባስ?

ስለ ሄይታውያን ያነበብኩት ጽሑፍ የሄይቲ ተወላጆችን ዝና ከቴኒስ ተጫዋቿ ናኦሚ ኦሳካ እስከ ሙዚቀኛው ዋይክሊፍ ዣን ዘርዝሮ፣ ምግባቸውን ግን «ሩዝና ባቄላ» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል። ቅር ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1968 ከሄይቲ በስደት ካናዳ ገብታ ከ2005 እስከ 2010 የአገሪቱ ጠቅላይ ገዥ የነበረችው ሚካኤል ዣን መዘለሏም አልገባኝም።

እኔ የምኖረው ሄይታውያን በብዛት ባሉባት ቦስተን ነው። ሄይታዊቷ የሥራ ባልደረባዬ በየዓመቱ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ድስቷን በፎጣ ጠቅልላ ትመጣለች። የዱባ ሾርባውን ሱፕ ጁሙ ይሉታል። ዱባው ተቀቅሎ ስለሚፈጭ መረቁ ወርቅማ ነው፤ ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ፓስታ ሳይቀር ይገባበታል። አንዲት ቃሪያ ሳትቆረጥ ከላይ ትንሳፈፋለች፤ ከፈነዳች ድስቱ ሁሉ እሳት ስለሚሆን በጭልፋ ቀስ ተብላ ትወጣለች። በባርነት ዘመን አብሳዮቹ እንዳይቀምሱት ይከለከሉ ነበር ይባላል። ስለዚህ ነጻ በወጡበት ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804፣ መታሰቢያ ይበሉታል። ዩኔስኮም በ2021 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

ግሪዮ የሚሉት ጥብስ የአሳማ ሥጋ ስለሆነ አልነካውም። አጠገቡ የሚቀርበው ፒክሊዝ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው ጎመንና ቃሪያ፣ ግን ዳጣ የለመደ ሰው እንኳ ያስለቅሳል።

ባለፈው በተራዬ የጾም ዱባ ወጥ ወሰድኩላት። ቀምሳ «ሥጋው የታለ?» አለችኝ። አሁን ግን በርበሬ አምጪልኝ እያለች ትነዘንዘኛለች።