ሣጥኑን ማን ለካው?

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ የምታደርሱ እናቶችና አባቶች፣ ቢመራችሁም ስሙኝ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1960 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሩቢ ብሪጅስ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ዊልያም ፍራንዝ ወደሚባለው የነጮች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። ተማሪን በቀለም መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወሰነ የእሷን ዕድሜ ያህል ጊዜ አልፎ ነበር። ከተማው አሻፈረኝ ማለት ሲያቅተው ለጥቁር ሕፃናት ፈተና አወጣ፤ እንዲወድቁ የተዘጋጀ ፈተና። ስድስት ልጆች አለፉ። ሁለቱ በነበሩበት ቀሩ፣ ሦስቱ አብረው ሌላ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ሩቢ ብቻዋን ወደዚህኛው ተላከች።

የፌዴራል ማርሻሎች፣ የፌዴራል ፍርድ ቤትን ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ ፖሊሶች፣ ከፊትና ከኋላ ሆነው አስገቧት። የሕዝቡን ጩኸት ስትሰማ ማርዲ ግራ፣ የከተማው ጭፈራ፣ መስሏት ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ የጮኹት እናቶች መሆናቸው ነው። አንዷ እመርዝሻለሁ ስላለቻት ልጅቷ ከቤቷ ከመጣ ምግብ በቀር እንዳትቀምስ ተደረገ። ሌላዋ ጥቁር አሻንጉሊት በትንሽ የሬሳ ሣጥን አስተኝታ ይዛ መጣች። ያን ሣጥን ማን ሠራው? ልኩንስ ማን ለካው? አባቷ ከነዳጅ ማደያ ሥራው ተባረረ። ሚሲሲፒ የነበሩት አያቶቿ እንኳ ከሚያርሱት መሬት ተነሡ።

ከቦስተን የመጣችው መምህርት ባርባራ ሄንሪ በባዶ ወንበሮች መካከል አንዲት ልጅ ብቻ ይዛ አስተማረች። ሩቢ ምሳዋን ከሌሎች ልጆች ጋር መብላት አምሯት ሳንድዊቿን ቁም ሣጥን ውስጥ ትደብቀው ነበር። አይጥ አገኘው።

ክፍሉን ባዶ ያስቀሩት ደጅ ላይ የጮኹት ብቻ አልነበሩም። ድምፃቸውን ሳያሰሙ የልጃቸውን እጅ ይዘው የወጡም ነበሩ። እዚህ ላይ ወደ እኛ ልመለስ። ቤት ስንገዛ "ሰፈሩ ጥቁር ይበዛበታል?" እያልን የምንጠይቅ፣ እኔንም ጨምሮ፣ እኛ ማን ነን? ቆዳችንን ረስተነው ነው? የዚህን አገር በር ለብዙዎቻችን የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው እኮ የጥቁሮች የመብት ትግል በተፋፋመበት ወቅት ነው። እነሱ በከፈቱት በር ገብተን ከልጆቻቸው እንሸሻለን። ያሳፍራል።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ገብታችሁ እዩ። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ ጠይቁ፣ መምህሯን አነጋግሩ፣ ሲያነቡ ስሙ። የልጆቹን ቀለም አትቁጠሩ።

ዓመቱ ከመጠናቀቁ በፊት ሩቢ ጥቂት ነጭ ልጆች አገኘች። አንደኛው እናቱ ከእሷ ጋር እንዳይጫወት እንደከለከለችው ነገራት፤ የነገሩ ሁሉ ምክንያት የገባት ያኔ ነው። ስንቶቻችሁ እንደምትሰሙኝ እንጃ። በሁለተኛው ዓመት ግን ያለ ማርሻል ገባች፤ ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ልጆች ተቀምጠው ነበር።